በሟቹ ራስ ላይ የታሰረው ሻሽ

ባለቤቴን ሊይዙት የመጡት ምሳ እየበላን ሳለ ነው። ሁለት ፖሊሶች ነበሩ። አንደኛውን አውቀዋለሁ፤ ልጁን ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። በሩ ላይ ቆሞ «መምህርት፣ ይቅርታ ያድርጉልን» አለና ዐይኑን ከእኔ አሽሽቶ ወደ ባሌ ዞረ። ባሌ የጎረሰውን ዋጠ። ተነሥቶ እጁን ታጠበ፤ በፎጣ አደረቀ፤ ጃኬቱን ከምስማሩ ላይ አወረደ። «ምን አደረግኩ?» አላለም። «ማን ነው የከሰሰኝ?» አላለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውስጤን የበጠበጠው ይኸው ነው፤ ለምን እንደመጡ አለመጠየቁ።

ይዘውት ከሄዱ በኋላ ሳህኖቹን አንሥቼ አጠብኩ። ንጹሕ የነበሩትንም ደግሜ አጠብኩ። ግቢውን ጠረግኩ፤ ጠርጌ ስጨርስ መጥረጊያውን የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝና እሱን ስፈልግ ቆየሁ። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ መጥረጊያው በእጄ ነበር።

ይህ የሆነው አስፋልቱ ገና ጂንካ ሳይደርስ ነው። እኔ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ እሱ የአንድ ነጋዴ አይሱዙ ይነዳል። በቆሎ ጭኖ በቀይ አፈር በኩል ወደ ወይጦ ይወርዳል፣ ኮንሶን አልፎ አርባ ምንጭ ይገባል፣ ሲመለስ ጨውና ሲሚንቶ ይዞ ይመጣል። አባቴ ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ባሌ ደግሞ ከጂንካ በላይ ባለ መንደር የተወለደ የአሪ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ ዘመዶቹ ሁሉ ጴንጤዎች ናቸው። ስንጋባ እናቴ «የኛ ሃይማኖት ሰው ጠፍቶ ነው?» ብላ አኮረፈች፤ የታረቀችን ልጃችን ከተወለደች በኋላ ነው።

ሟቹ የባሌ ወዳጅ ነበር። የበና ሰው ነው። መንደሩ ከቀይ አፈር ወደ ወይጦ ሲወረድ ከመንገዱ ገባ ብሎ ነው። አንድ ጊዜ መኪናው ተሰብሮ ባሌ ቁልቁለቱ ላይ ሲቀር፣ ቤቱ ወስዶ ወተትና የማሽላ ገንፎ እያበላ መለዋወጫው እስኪመጣ ያኖረው ያ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ወንድማማች ሆኑ። ጂንካ ሲመጣ እኛ ቤት ያድራል። አልጋ ብናነጥፍለትም እምቢ ብሎ ወንበርም ትራስም የምትሆነውን በርኮታውን ተንተርሶ መሬት ላይ ይተኛል። ማር በቅል ይዞልን ይመጣ ነበር። ልጄን በሁለት ጣት ማፏጨት ያስተማራት እሱ ነው። እኔን «መምር» ነበር የሚለኝ።

ባሌ የተያዘው እሱን ገድለሃል ተብሎ ነው።

ሐሙስ የቀይ አፈር ገበያ ነው። በዚያ ሐሙስ ሁለቱ ገበያው ውስጥ ሲጨቃጨቁ ሰው አይቷል። በማግስቱ እረኞች ሰውየውን ወደ ወይጦ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ግራር ሥር፣ በራሱ ልብስ ተሸፍኖ ሞቶ አገኙት። ባሌ ጂንካ የገባው ቅዳሜ ነው። እኔ ከገበያ ስመለስ መኪናውን ነሪ ወንዝ ዳር አቁሞ አየሁት። የጋቢናውን ወንበር ልብስ አውልቆ ድንጋይ ላይ ይፈትጋል። ሸሚዙንም አጥቦ ቁጥቋጦ ላይ አስጥቶታል። ባሌ በትዳራችን ሸሚዝ አጥቦ አያውቅም።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ዘይት ፈሰሰበት።»

ውሃውን አየሁት። ዘይት የነካው ውሃ ቀስተ ደመና ይመስላል፤ ያ ውሃ አልመሰለም። ዘንቢሌን ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት በልቷል፣ ጠጥቷል፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። የወዳጁ ሞት ጂንካ ሲሰማ እኔ አለቀስኩ፤ እሱ «ሰማሁ» አለኝና ወደ ጓሮ ወጣ። እስኪይዙት ድረስ በእኔና በእሱ መካከል የተነገረው ይኸው ነው።

ባሌ ከታሰረ ወዲያ መርማሪው ጠራኝ። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ አማርኛው የቢሮ አማርኛ ነው፤ «ኬዙ ፕሮሰስ ላይ ነው» ይላል። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

«መምህርት፣ ባለቤትዎ ሐሙስ ዕለት ከማን ጋር እንደተጓዘ ነግሮዎታል?»

«አልነገረኝም።»

«ለእኛ ‹ከቀይ አፈር ብቻዬን ነው የወጣሁት› ብሎናል። ሟች መኪናው ላይ ሲወጣ ያዩ ሰዎች ግን አሉ። ሟች ገበያ የገዛው የቡና ገለባ፣ በቆሎው አርባ ምንጭ ሲራገፍ፣ ከነከረጢቱ ከጆንያዎቹ መሀል ተገኝቷል። የወንበሩ ልብስ ታጥቧል፤ ስፖንጁ ውስጥ ግን ደም አለ።» ወረቀቱን ገለጠና ቀጠለ። «ለስላሳ የምትሸጥ ሴት ደግሞ ባለቤትዎ ሟችን ‹ዛሬ ትሞታለህ!› እያለ ሲጮህበት ሰምታለች።»

ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ተነሣሁ፤ «ይቀመጡ» አለኝ፤ ተቀመጥኩ፤ መልሼ ተነሣሁ። እሱም ተወኝ። ከመሳቢያው ፌስታል አወጣና ፈታው። ውስጡ ሰማያዊ ነጭ ነጠብጣብ ያለው ሻሽ ነበር፤ ግማሹ በደረቀ ደም ቡናማ ሆኗል። አንዱ ጠርዝ በቀይ ክር ተሰፍቷል። ሰማያዊ ክር አጥቼ በቀይ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ባሌ ለአቧራ አንገቱ ላይ ያስረው ነበር።

«ይህን ያውቁታል?»

አላውቀውም ማለት እችል ነበር። እንዲህ ያለ ሻሽ ጂንካ ገበያ ሞልቷል። ያን ጊዜ ግን ስለ ሕግም ስለ ባሌም አላሰብኩም። ያ ሰው እኛ ቤት መሬት ላይ ተጋድሞ ልጄን ሲያስቃት ነበር የታየኝ። ደሙን እያየሁ «አላውቅም» የሚለው ቃል አፌ ላይ አልመጣም።

«የባሌ ነው» አልኩ። «የት ተገኘ?»

«ሟች ራስ ላይ ታስሮ።»

ቃሌን ጻፈ፤ አነበበልኝ፤ ፈረምኩ። ወጥቼ ወደ ቤት መሄድ አልቻልኩም። ከከተማው መሀል ባለው በድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ ከዳር እስከ ዳር ተመላለስኩ። ከብቶች ይግጣሉ፤ ወጣቶች ኳስ ይጫወታሉ፤ አንዲት የማውቃት ሴት «ምን ጠፍቶሽ ነው?» አለችኝ። ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ገብቷል። እናቴ መጥታ ጠበቀችኝ። «ምን አፍሽን ከፈተው? ባልሽ አይደለም እንዴ?» አለችኝ፤ በዚያ ጋብቻ ያኮረፈችው እናቴ። የባሌ ታላቅ ወንድም ደግሞ አልተቀመጠም፤ አጥሩ ላይ ሆኖ «ወንድሜን በአፍሽ አሰርሽው» ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ዘመዶቹ ለባሌ ስንቅ ይዘው ማረሚያ ቤት ሲሄዱ በእኔ ደጅ አያልፉም፤ በሌላ መንገድ ይዞራሉ። ትምህርት ቤትም እንደዚያው ሆነ። መምህራን ሲያወሩ ደርሼ ወሬው ሲቆም እሰማ ነበር። አንድ ወላጅ ልጁን ወደ ሌላ ክፍል አዛወረ። ሰሌዳ ላይ «ሀ» ጽፌ ዞር ስል ልጆቹ ሁሉ አፌን የሚያዩ ይመስለኛል።

ማረሚያ ቤት እየሄድኩ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ አየዋለሁ። ስለ ሻሹ አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ይህም አሳበደኝ። ቢቆጣኝ እቆጣው ነበር።

«አንተ ነህ?» አልኩት መጀመሪያ ቀን።

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ሻሹ?»

«ምግቡን በሳህን ባታመጪው፤ እዚህ ሳህን ይጠፋል» አለኝ።

እንዲህ እያለ ብዙ ጊዜ መለሰኝ። እኔም ቤት ስገባ ማስረጃዎቹን አንድ በአንድ አነሣለሁ። ጩኸቱ፣ ከረጢቱ፣ ደሙ፣ ሻሹ፣ ውሸቱ። ባሌ ደግ ሰው ነው እላለሁ፤ ዶሮ እንኳን ሲያርድ ፊቱን ያዞራል። ከዚያ የወንዙ ውሃ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ምሳውን ውጦ እጁን መታጠቡ ትዝ ይለኛል። ወጥ ስሠራ፣ ደብተር ሳርም፣ መንገድ ስሄድ አንድ ሐሳብ ይዤ እጀምራለሁ፤ ሳልጨርሰው ተቃራኒው ይመጣል። እንዲህ ስብሰከሰክ ክረምት ገባ።

አንድ ቀን ልጄ ጸጉሯን ስሠራት «እማዬ፣ አባዬ ነው የገደለው?» አለችኝ። ጣቴ ጸጉሯ ውስጥ ቀረ። በማግስቱ ማረሚያ ቤት ሄጄ ስንቁን ሳልሰጠው ነገርኩት።

«ልጅህ ጠይቃኛለች። ምን ልበላት? አንተ ንገረኝና እሱኑ እነግራታለሁ። ገድያለሁ ካልክ ገድሏል እላታለሁ። ግን አንድ ነገር ስጠኝ።»

ሽቦውን በሁለት እጁ ያዘ። ጠባቂው «ራቅ በል» አለው፤ ራቅ አለ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ፊቱን ወደ መሬት አድርጎ ነገረኝ።

ወዳጁ በዚያ ሐሙስ አረቄ ጠጥቷል። ጋቢና ውስጥ ሌላ ዕቃ ስለነበር ከላይ፣ ጭነቱ ላይ፣ ልውጣ አለ። ባሌ ከለከለው። «ሰክረሃል፣ መንገዱ ቁልቁለት ነው፣ ከዚያ ላይ ከወጣህ ዛሬ ትሞታለህ!» ብሎ ጮኸበት። ሰውየው ሳቀበትና ከረጢቱን ይዞ ወጣ። ባሌም ነዳ። ሰው ጭነት ላይ ማስቀመጥ ክልክል መሆኑን ያውቃል፤ መንጃ ፈቃዱን ሊያስነጥቀው እንደሚችልም ያውቃል፤ ግን ወዳጁ ነው፣ መንደሩም ሩቅ አይደለም። ሰውየው ከላይ ሆኖ እየዘፈነ የጋቢናውን ጣሪያ በእጁ ይደልቅ ነበር። አንድ ጉድጓድ ላይ መኪናው ዘለለ። ድለቃው ቆመ።

«ተኝቶ ነው ብዬ ትንሽ ነዳሁ» አለኝ። «ትንሽ ነው የነዳሁት።»

ተመልሶ ሲያገኘው ራሱ ተፈንክቷል፤ ግን ይተነፍሳል፣ ይናገራል። ሻሹን ከአንገቱ ፈትቶ አሰረለት። ጋቢና ያለውን ዕቃ ሜዳ ላይ ጥሎ እሱን አስገባው። ወይጦ ጤና ጣቢያ ሊያደርሰው ገሰገሰ። ሳይደርሱ ሞተበት። ያን ጊዜ ፈራ። ዘመዶቹን ፈራ፣ ባለ መኪናውን ፈራ፣ እስር ቤቱን ፈራ። ዛፍ ሥር አወረደው፣ በልብሱ ሸፈነው፣ ሄደ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ትቼው መሄዴን ነው መናገር ያቃተኝ» አለኝ። «መውደቁን አይደለም። ትቼው መሄዴን።»

ስንቁን ሰጥቼው ወጣሁ። ቀለል ሊለኝ ይገባ ነበር። በሩ ጋ ስደርስ ግን ሌላ ነገር ያዘኝ። ይህ ታሪክ እኮ እያንዳንዱ ማስረጃ ላይ ልክ ይገጥማል። ጩኸቱን ያስረዳል፣ ከረጢቱን ያስረዳል፣ ደሙን ያስረዳል፣ ሻሹን ያስረዳል። ደግሞስ ሁሉንም የነገርኩት እኔው አይደለሁም? መርማሪው ያሳየኝን በሙሉ በየጊዜው ለእሱ ስዘረዝርለት አልከረምኩም?

መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ የሆነውን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «እህቴ፣ ልንገርሽ» አለኝ። «ሲገድል ያየ ሰው የለም። በካደበት ቢጸና ዐቃቤ ሕግ ላያስረዳበት ይችላል፤ በነፃ ሊለቀቅ ይችላል። ይህን ከተናገረ ግን ቢያንስ በቸልተኝነት መግደሉን አመነ ማለት ነው። አይወጣም።»

ይህን ለባሌ የማድረስ ዕዳ እኔ ላይ ወደቀ። በመንገዱ ሁሉ ሐሳቤ ተለዋወጠ። የወንዙ ድልድይ ጋ ይካድ አልኩ፤ ገበያው ጋ ይናገር አልኩ፤ ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ደግሞ ወደ ኋላ ልመለስ ቃጣኝ። የጠበቃውን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት።

«አንቺ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

«ሰውየው ሚስት አለችው» አልኩት። «እሷ ባሏን ወዳጁ እንደገደለው ነው የምታውቀው።»

«እናገራለሁ» አለ።

የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ተሰምተው አለቁ። ለስላሳ ሻጯ መጥታ የሰማችውን ተናገረች፤ አልዋሸችም፤ የሰማችው ያንኑ ነው። ዳኞቹ «ተከሳሽ ይከላከል» ብለው ብይን ሰጡ። ባሌ ቆሞ ለእኔ የነገረኝን ነገራቸው። ዐይኑን ከዳኞቹ ያነሣው አንዴ ብቻ ነው፤ «አውርጄ ሸፈንኩት» ያለ ጊዜ።

ዐቃቤ ሕጉ «ይህን ሁሉ ጊዜ ክደህ፣ ማስረጃው ከተሰማ በኋላ ነው ታሪክ የሰፋህለት» አለው። እኔ በልቤ ያልኩትን ሰው ሁሉ በሚሰማበት ሲለው ፊቴ ጋለ።

ባሌ «አዎ፣ ዘግይቻለሁ» አለ።

ከዚያ ዳኞቹ ያስቀረቡት ሙሉው የሐኪም ማስረጃ ተነበበ። መርማሪው ለእኔ ያላነበበልኝ ነገር ነበረበት። የሟቹ መዳፍና ጉልበት ተልጧል፤ ቁስሉ ውስጥ የመንገድ ጠጠር ተገኝቷል። ጉዳቱ ከከፍታ በመውደቅ ሊደርስ የሚችል ነው። ሻሹ ደግሞ ቁስሉ ላይ በደንብ ተጣጥፎ፣ ደም ለማቆም በሚታሰርበት አኳኋን ነው የታሰረው፤ ደሙም ወደ ውስጠኛው እጥፋት ሰርጿል፤ ይህም ሰውየው ከታሰረለት በኋላ ለጊዜው በሕይወት እንደነበረ ያሳያል። ሐኪሙ ጠጠር ማግኘቱን ባሌ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም። እኔም አላውቅም ነበር፤ አልነገርኩትም። በዚያ አግዳሚ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተረጋግቼ ተቀመጥኩ።

ለዕረፍት ስንወጣ የሟቹ ሚስት ከግቢው ዛፍ ሥር ተነሥታ መጣች። በችሎቱ ሁሉ ከባሏ ዘመዶች ጋር ራቅ ብላ ነበር የምትቀመጠው። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ሴቱንም «አንተ» ትላለች። ከፊቴ ቆመች።

«አንተ ሚስቱ ነህ?»

«ነኝ።»

«ባልህ ተናገረ። ሰማሁ።» ቃል ፈለገች። «የኔ ሰውዬ፣ መኪና ውስጥ… ውሃ ጠየቀ?»

ስለ ጠጠሩና ስለ ሻሹ፣ ስለ ጩኸቱና ስለ ደሙ ያን ያህል ስጨነቅ ይህን አንድም ጊዜ አላሰብኩትም። «አላውቅም» አልኳት። «እጠይቅልሻለሁ።»

«አንተ አትጠይቅ» አለች። «እኔ እጠይቃለሁ።»

ፍርድ ቤቱ ሆን ብሎ መግደሉ አልተረጋገጠም፤ በቸልተኝነት ሰው በመግደልና አደጋውን ሳያሳውቅ አስከሬን ጥሎ በመሸሽ ጥፋተኛ ነው አለ። የዓመታት እስራት ተፈረደበት። የባሌ ወንድም ችሎት ውስጥ ለቅሶውን ለቀቀው። ከዚያ ወጥቶ አጠገቤ ቆመ፤ አላናገረኝም፤ ግን ጃንጥላውን ወደ እኔ አዘነበለው፤ እየዘነበ ነበር።

ባሌ በአመክሮ ሲፈታ ልጃችን በቁመት ደርሳብኝ ነበር። በመጀመሪያ የሄድነው ለዕርቅ ነው። ሽማግሌዎች ከአሪም ከበናም ተቀመጡ። የባሌ ዘመዶች ከብት አዋጥተው ነዱ። ሥርዓቱ ሁሉ ሲያበቃ ሴትየዋ ተነሥታ በቋንቋዋ ጠየቀችው። ባሌ የበናን ቋንቋ ያውቃል፤ እኔ አላውቅም። አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው አጠገቤ ተረጎሙልኝ።

«ውሃ ጠይቆህ ነበር?»

«ጠይቆኝ ነበር። ለራዲያተር የያዝኩት ውሃ ብቻ ነው የነበረኝ። እሱን አጠጣሁት።»

«ምን አለህ?»

«ቆሻሻ ውሃ አጠጣኸኝ ብሎ ሰደበኝ።»

ሴትየዋ ሳቀች። አጭር ሳቅ ነው፤ ወዲያው ወደ ለቅሶ ሄደ። ባሏ እንደዚያ የሚል ሰው ነበር፤ እኔም አውቀዋለሁ። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ሌላ ጠየቀችው።

«ለምን ሜዳ ላይ ጥለኸው ሄድክ? ቤቱ ቅርብ ነበር። ለምን ወደኔ አላመጣኸውም?»

ባሌ ተንበርክኮ አለቀሰ። እሷም አላነሣችውም። ሽማግሌዎቹ ናቸው ያነሡት።

ከዚያ በኋላ መሪ አልያዘም። ጂንካ ውስጥ ጎማ ይጠግናል። አስፋልቱ ደርሶ መንገዱ አጭር ሆነ፤ እኔም ጡረታ ወጣሁ። ግን ዕረፍት የሚሉትን ነገር አላውቀውም። ሰው ሲያወራኝ እጄ አንድ ነገር ማንሣት ማስቀመጥ አለበት። ባሌ ከሥራ ሲዘገይ መንገድ ላይ እቆማለሁ። ሲመጣም ሸሚዙን አያለሁ።

በቅርቡ አብረን ወደ ቀይ አፈር ሄድን፤ የሟቹ የመጨረሻ ልጅ ሊያገባ ነው ተብለን ተጠርተን። ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ከተፈታ ጀምሮ ላንቃዬ ላይ የተቀመጠ ጥያቄ ነበረኝ። መንገዱ መሀል ላይ ወጣ።

«ፖሊሶቹ ባይመጡ ኖሮ፣ ትነግረኝ ነበር?»

ወደ መስኮቱ ዞረ። «እነግርሽ ነበር» ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እንደገና ስመረምረው እኖር ነበር።

«አላውቅም» አለኝ።

«እውነትህን ነው?»

«እኔም ራሴን ስጠይቅ ነው የኖርኩት። አላውቅም።»

ተናደድኩበት፤ በጣም ተናደድኩበት። ሰው ፊት ባይሆን እጮኽበት ነበር። ግን አመንኩት። ያን ሁሉ ዓመት ከሰማሁት ንግግሩ ሁሉ ያለ ምንም ማመዛዘን ያመንኩት ያንን «አላውቅም» ማለቱን ነው። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ብሎ ጮኸ። ባሌ ለሙሽራው የገዛነውን ብርድ ልብስ ከእግሬ ሥር አነሣና ትከሻው ላይ አደረገው፤ እኔም ተከትዬው ወረድኩ።